ፌሮሬዞናንት ትራንስፎርመር
ፌሮሬዞናንት ትራንስፎርመር በቀደሙት የአሜሪካ የኬብል ቴሌቪዥን መስመሮች ለሲግናል ማጉያዎች የሚላከውን ቮልቴጅ፣ የከተማው ኃይል ከፍና ዝቅ ቢልም፣ በአንድ መጠን የሚያጸና መሣሪያ ነው። የመነጨው ጆሴፍ ሶላ እ.ኤ.አ. በ1938 ከፈለሰፈው ቮልቴጅ አረጋጊ ትራንስፎርመር ነው።

አሠራሩ ተንቀሳቃሽ አካልም ሆነ ኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያ አይሻም። ሁለተኛው ጥምጥም ከካፓሲተር ጋር ተጣምሮ ሬዞናንስ ሲፈጥር፣ የታቀፈው የብረት እምብርት በማግኔት ፍሰት ይሞላል፤ ከሞላ በኋላ በመግቢያው የሚጨመር ቮልቴጅ በመውጫው እምብዛም አይታይም። ትርፉን ፍሰት የሚያሳልፈው በሁለቱ ጥምጥሞች መካከል የተቀመጠ ብረት ሲሆን፣ መስመሩ ላይ ሾርት ቢፈጠር ጅረቱን የሚገታውም እሱ ነው። የጥምጥሞቹ መለያየት ከመብረቅ የሚመጣን ድንገተኛ ግፊት ያለዝባል፤ ምሰሶ ላይ ለሚሰቀል ሣጥን ይህ ትልቅ ጠቀሜታ ነው።

መውጫው በብዛት 60፣ በኋላም 90 ቮልት ሲሆን፣ አራት ማዕዘን በሚመስል ሞገድ የቴሌቪዥን ሥርጭቱን በሚያደርሰው በዚያው ኮአክሲያል ኬብል ይጓዛል። ጉድለቶቹ ሙቀት፣ ጉርምርምታና በዝቅተኛ ጭነት የሚባክን ኃይል ናቸው። የፍሪኩዌንሲ ለውጥም ቮልቴጁን ስለሚያዛባ፣ ፍጥነቱ በሚዋዥቅ ጄኔሬተር ሲሠራ እርጋታው ይጓደላል።