የዐሥር ሣንቲሞች ሰልፍ

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው የአበው አነጋገር፥ ለበጎ ሥራ ገንዘብ ማሰባሰብ በተነሣ ቁጥር መጠቀሱ የተለመደ ነው። ይህ አነጋገር በተግባር ከተፈተነባቸው ታሪኮች አንዱ፥ የአሜሪካ ሕዝብ የልጆችን ልምሻ፥ ማለትም ፖሊዮን፥ ለመዋጋት ያደረገው መዋጮ ነው። ታሪኩ ግን የድል ብቻ አይደለም፤ ማን ይሰጣል፥ ማን ይቀበላል፥ ማንስ ከደጅ ይቀራል የሚለው ጥያቄ አብሮት ይጓዛል። ዘመናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በኦገስት 1921 ፍራንክሊን ሩዝቬልት የ39 ዓመት ሰው ሳሉ፥ በካናዳ በምትገኘው በካምፖቤሎ ደሴት ለዕረፍት እንደ ሰነበቱ ታመሙ፤ ሕመሙም ፖሊዮ ነው ተባለ። ከዚያ ወዲህ ያለ ድጋፍ ለመራመድ አልቻሉም። በጆርጂያ ግዛት የሚገኘው የዋርም ስፕሪንግስ ፍል ውሃ ለሰውነታቸው ስለ ተስማማቸው፥ በ1926 ቦታውን ገዝተው በማግሥቱ ዓመት የሕክምና ድርጅት አቋቋሙበት። ይሁን እንጂ ከ1929 የኢኮኖሚ ውድቀት በኋላ ባለጸጎች እጃቸውን ስለ ሰበሰቡ፥ ድርጅቱ ለችግር ተጋለጠ።

መፍትሔው ከጥቂቶች ብዙ መጠየቁ ቀርቶ ከብዙዎች ጥቂት መጠየቅ ሆነ። ሩዝቬልት ፕሬዚዳንት ከሆኑ በኋላ፥ 52ኛ የልደት በዓላቸው በዋለበት በጃንዋሪ 30 ቀን 1934፥ በአገሪቱ ውስጥ 6,000 ያህል የዳንስ ምሽቶች ተዘጋጁ። ከታላላቅ ሆቴሎች አንሥቶ እስከ ትንንሽ ከተሞች አዳራሽ ድረስ፥ በየአካባቢው የተቋቋሙ ኮሚቴዎች ሥራውን መሩት፤ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይም ተሰበሰበ። በሚከተለው ዓመት ደግሞ፥ ከገቢው ከመቶ 70 እጅ እዚያው ለተሰበሰበበት አካባቢ ሕሙማን እንዲውል፥ የቀረው 30 እጅ ለምርምር እንዲሰጥ ተወሰነ። ሰጪው የሰጠው ገንዘብ የጎረቤቱን ልጅ ሲያስታምም ለማየት በመቻሉ፥ አመኔታው ጸና።

በጃንዋሪ 1938 ብሔራዊው የፖሊዮ መከላከያ ድርጅት ሲመሠረት፥ ኤዲ ካንቶር የተባለው ዝነኛ የሬዲዮ ተዋናይ፥ እያንዳንዱ አድማጭ አንዳንድ ዳይም፥ ማለትም የዶላር ዐሥረኛ የሆነችውን ሣንቲም፥ በቀጥታ ለፕሬዚዳንቱ እንዲልክ ጥሪ አቀረበ። ዘመቻውንም «የዳይሞች ሰልፍ» አለው። ጥቂት ቀናት ሳይቆይ የዋይት ሐውስ የፖስታ ክፍል በደብዳቤ ተጥለቀለቀ፤ 2,680,000 ዳይሞችም ገቡ። ሣንቲሟ ትንሽ መሆኗ ድኻውን ከሀብታሙ እኩል ሰጪ አደረገችው።

ሆኖም የመስጠት በር ለሁሉ ሲከፈት፥ የመታከም በር ለሁሉ አልተከፈተም ነበር። ዋርም ስፕሪንግስ ጥቁር ሕሙማንን አይቀበልም ነበርና፥ ዳይሙን የሰጠ ጥቁር አባት የታመመ ልጁን እዚያ ሊያስገባ አይችልም ነበር። ከብዙ ነቀፌታ በኋላ፥ በብሔራዊው ድርጅት ገንዘብ በአላባማ በቱስኬጊ ተቋም ለጥቁሮች የተለየ የፖሊዮ ሕክምና ማዕከል በ1941 ተከፈተ። ይህም መለያየቱን ባያስቀርም፥ ሕሙማኑ ሕክምና፥ ጥቁር ሐኪሞችና ነርሶች ደግሞ የሙያ ሥልጠና አገኙበት።

በጃንዋሪ 1950 በአሪዞና ግዛት በፊኒክስ ከተማ አዲስ ዘዴ ተፈለሰፈ። ለመርዳት የፈቀደ ቤተሰብ የደጁን መብራት እንዲያበራ ተነገረ፤ እናቶችም ከምሽቱ በአንዲት ሰዓት ውስጥ መብራት ወደ በራበት ቤት ሁሉ እየሄዱ ከ40,000 ዶላር በላይ ሰበሰቡ። የማይሰጠው አላፈረም፤ የሚሰጠው አልተጠበቀም። ዘዴው ወዲያው በመላ አገሪቱ ተሠራጨ። በ1952 ወረርሽኙ 58,000 ያህል ሰዎችን ሲያጠቃ፥ የሕዝቡ መዋጮ የብረት ሳንባ ለተባለው መተንፈሻና ለአስታማሚዎች ወጪ ሆነ። በ1954 ደግሞ 1.8 ሚሊዮን ያህል ልጆች የተሳተፉበት የዶክተር ጆናስ ሳልክ ክትባት ሙከራ ወጪ በዚሁ ገንዘብ ተሸፈነ። ክትባቱ የሚያድን መሆኑ በይፋ የተነገረው በአፕሪል 12 ቀን 1955፥ ሩዝቬልት በሞቱ ልክ በዐሥረኛው ዓመት ነበር።

ከድሉ ጋር አንድ ጉድለት መዘንጋት የለበትም። ገንዘብ ለመሳብ ሲባል፥ በክራንች የቆሙ ሕፃናት ሥዕል በየግድግዳው ተለጥፎ ርኅራኄን ይጠይቅ ነበር። አካል ጉዳተኛው የሚታዘንለት እንጂ የሚመክር ሆኖ አልቀረበም። ሩዝቬልት ራሳቸው በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆነው እንዳይታዩ ይጠነቀቁ ነበር። ይህን አስተሳሰብ የተፈታተኑት ከፖሊዮ የተረፉት ልጆች ራሳቸው አድገው ነው። ጁዲት ሂውማን ከመሪዎቹ አንዷ በሆኑበት በ1977ቱ የሳን ፍራንሲስኮ ተቃውሞ፥ ከመቶ የሚበልጡ ሰዎች የፌዴራል መንግሥት ሕንፃ ውስጥ ገብተው፥ አካል ጉዳተኞችን ከአድልዎ የሚጠብቀው የ1973 ሕግ በደንብ እንዲጸና ከሦስት ሳምንት በላይ ተቀመጡ። የብላክ ፓንተር ፓርቲ አባላት ትኩስ ምግብ አመላለሱላቸው፤ አብያተ ክርስቲያናትና የሠራተኛ ማኅበራትም ደገፏቸው። በአፕሪል 28 ቀን የሚኒስትሩ ፊርማ በደንቡ ላይ ዐረፈ። የሰፈር መረዳዳት በዚህ ጊዜ የተሰለፈው ለምጽዋት ሳይሆን ለመብት ነበር።

ዕድርን ለሚያውቅ ሕዝብ፥ ጥቂት በጥቂት አዋጥቶ ታላቅ ነገር መሥራት እንግዳ ትምህርት አይደለም። ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ተጨማሪ ትምህርት ግን፥ የመዋጮ ዝግጅት የሚመዘነው በተሰበሰበው ድምር ብቻ አለመሆኑ ነው። ድኻ ሊሰጥ የሚችልበት መጠን መወሰኑ፥ ገንዘቡ ለአካባቢው መድረሱ፥ በሩም ከታማሚው የማይዘጋ መሆኑ አብረው ይመዘናሉ። ከሁሉም በላይ፥ ስለ እርሱ የሚለመንለት ሰው ከአዘጋጆቹ ጋር በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ መቀመጡ ሊጠየቅ ይገባል።