የወደቀው ሙዚቃዊ ተውኔት በትንሿ መድረክ እንዴት ተነሣ?

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 16 ቀን 1981 በኒውዮርክ ብሮድዌይ በሚገኘው አልቪን ቴአትር «ሜሪሊ ዊ ሮል አሎንግ» የተሰኘ ሙዚቃዊ ተውኔት ተመረቀ። የርእሱ ትርጉም «በደስታ እንጓዛለን» እንደ ማለት ቢሆንም ጉዞው አጭር ነበር፤ ተውኔቱ 16 ጊዜ ብቻ ከታየ በኋላ በዚያው ወር ከመድረክ ወረደ። ይኸው ሥራ በጁን 2024 በዚያው ከተማ የአሜሪካ ቴአትር ከፍተኛ ሽልማት የሆነውን የቶኒ ሽልማት በአራት ዘርፎች ተቀዳጀ፤ ከእነዚህም አንዱ «ዳግም የቀረበ ምርጥ ሙዚቃዊ ተውኔት» የሚለው ነው። በሁለቱ ቀኖች መካከል ከ42 ዓመታት በላይ አልፈዋል። በእነዚህ ዓመታት ተውኔቱ እንዲያንሰራራ ካደረጉት ነገሮች ዋነኞቹ የደራሲዎቹ ትዕግሥትና ጥቂት ሰዎች ብቻ የሚይዙ ትንንሽ አዳራሾች ናቸው።

ታሪኩና አወቃቀሩ

የተውኔቱ ዜማና ግጥም የስቲቨን ሶንድሃይም፣ ድርሰቱ የጆርጅ ፈርዝ፣ የመጀመሪያው ዝግጅት ደግሞ የሃሮልድ ፕሪንስ ነው። መነሻው ጆርጅ ኤስ. ካውፍማንና ሞስ ሃርት በ1934 ለመድረክ ያበቁት ተመሳሳይ ስም ያለው ተውኔት ነው። ታሪኩ ከፍጻሜው ተነሥቶ ወደ ኋላ ይጓዛል። ዋና ባለታሪኮቹ ሦስት ጓደኛሞች ናቸው፤ የዜማ ደራሲው ፍራንክ፣ የግጥምና የተውኔት ጸሐፊው ቻርሊ፣ የልብወለድ ደራሲዋ ሜሪ።

ተሻሽሎ በቀረበው ቅጂ መጋረጃው የሚከፈተው በ1976 ነው። ፍራንክ ሙዚቃውን ትቶ ባለጸጋ የፊልም ፕሮዲዩሰር ሆኗል፤ ቤቱ በእንግዶች ተሞልቷል፤ የቀድሞ ወዳጆቹን ግን አጥቷል ወይም እያጣ ነው። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ትዕይንት ጥቂት ዓመታትን ወደ ኋላ ይመልሳል። የመጨረሻው ትዕይንት በ1957 በአንድ የኒውዮርክ ሕንጻ ጣሪያ ላይ ይፈጸማል። ሦስቱ ወጣቶች በሌሊት ቆመው ሶቪየት ኅብረት ያመጠቀቻትን ስፑትኒክ ይጠባበቃሉ፤ ዓለምን እንደሚለውጡም ያምናሉ። ተመልካቹ መጨረሻቸውን አስቀድሞ ስለሚያውቅ፣ ተስፋቸው ከማስደሰቱ ይልቅ ልብ ይነካል።

በ1981 ምን ጎደለ?

ለውድቀቱ የሚጠቀሱት ምክንያቶች በአብዛኛው አራት ናቸው። የመጀመሪያው የተዋንያኑ ዕድሜ ነው። ፕሪንስ የመረጣቸው ከአሥራዎቹ ዕድሜ እስከ ሃያዎቹ አጋማሽ የሚገኙ፣ ብዙዎቹም ለብሮድዌይ አዲስ የሆኑ ወጣቶችን ነበር። ሐሳቡ የተውኔቱን ፍጻሜ ያደምቃል፤ ተውኔቱ የሚጀምረው ግን በሕይወት በተሰላቹ ጎልማሶች በመሆኑ፣ ተመልካቹ ገና ከጅምሩ ያላመነባቸውን ሰዎች እንዲከተል ተገደደ።

ሁለተኛው የጊዜው መገለባበጥ የፈጠረው ግርታ ነው። በሙከራ ትርኢቶቹ ወቅት ታዳሚው ማን ማን እንደሆነ መለየት ስላቃተው፣ የተሰፉት አልባሳት ተነሥተው የባለታሪኮቹ ማንነት የተጻፈባቸው ሹራቦች ተተኩ። መፍትሔው ግርታውን ቢቀንስም መድረኩን የትምህርት ቤት ዝግጅት አስመሰለው። በዚያው ወቅት ዋናው ተዋናይና የውዝዋዜ አሠልጣኙ ተቀየሩ፤ ትዕይንቶችም እንደገና ተጻፉ።

ሦስተኛው የፍራንክ ባሕርይ ነው። ተመልካቹ በመጀመሪያ የሚያየው ጥፋቱን እንጂ ደግነቱን አይደለም። እንዲህ ላለ ሰው የሚያዝን ካልተገኘ ደግሞ የኋላ ታሪኩን ለማወቅ የሚጓጓ አይኖርም። አራተኛው የቦታው ስፋት ነው። የሦስት ሰዎችን ወዳጅነት የሚመረምረው ታሪክ ከ1,300 በላይ መቀመጫ ባለው አዳራሽ ውስጥ ጠፋ። ከታዳሚው ጥቂት የማይባሉት ትርኢቱ ሳያልቅ እየተነሡ ይወጡ ነበር።

ውድቀቱ ከገንዘብ ኪሳራ ያለፈ ዋጋ አስከፍሏል። ሶንድሃይምና ፕሪንስ ከ1970 ጀምሮ «ካምፓኒ»ን፣ «ፎሊስ»ን እና «ስዊኒ ቶድ»ን ጨምሮ በርካታ ዐበይት ሥራዎችን በጋራ ያበረከቱ ነበሩ። ከዚህ ተውኔት በኋላ ግን እስከ 2003 ድረስ አዲስ ሙዚቃዊ ተውኔት በአንድነት አልሠሩም። ስለ ፈረሰ የሥራ ወዳጅነት የሚተርከው ድርሰት የገዛ ፈጣሪዎቹን ጥምረትም ለሁለት ዐሥርት ዓመታት አቋረጠ። ተውኔቱን ከመረሳት ያዳነው ተዋንያኑ ከመጨረሻው ትርኢት ማግስት ስቱዲዮ ገብተው የቀረጹት የዜማ ስብስብ ነው። ሸክላውን የሰሙ የቴአትር ባለሙያዎች፣ እንዲህ ያለ ዜማ ያለው ሥራ ተጥሎ መቅረት የለበትም አሉ።

የእድሳቱ ዓመታት

ጥገናው የተጀመረው በደራሲዎቹ በራሳቸው እጅ ነው። በ1985 በካሊፎርኒያ ላ ሆያ በጄምስ ላፓይን አዘጋጅነት አዲስ ቅጂ ቀረበ። አዳዲስ ዜማዎች ገቡ፤ ታሪኩን ከፍቶ ይዘጋ የነበረው የትምህርት ቤት ምረቃ ትዕይንት ቀረ፤ ገጸ ባሕርያቱም ለጎልማሳ ተዋንያን ተሰጡ። ሶንድሃይምና ፈርዝ በ1990 በዋሽንግተን፣ በ1992 በእንግሊዟ ሌስተር፣ በ1994 ደግሞ በኒውዮርኩ ዮርክ ቴአትር በቀረቡት ዝግጅቶች ጽሑፉን ማስተካከላቸውን ቀጠሉ። በሌስተሩ ዝግጅት ሜሪን ሆና የተወነችው እንግሊዛዊቷ ማሪያ ፍሪድማን ነበረች። ይህች ተዋናይት ከሃያ ዓመታት በኋላ ተውኔቱን በአዘጋጅነት ትመለስበታለች።

ትንሽ አዳራሽ የሚሰጠው

በ2000 ማይክል ግራንዴጅ ተውኔቱን በለንደኑ ዶንማር ዌርሃውስ አቀረበው። አዳራሹ 250 ያህል መቀመጫ ብቻ አለው። በቀጣዩ ዓመት ሥራው የብሪታንያውን የኦሊቪዬ ሽልማት «ምርጥ አዲስ ሙዚቃዊ ተውኔት» በሚለው ዘርፍ አገኘ፤ ከተጻፈ ግን ሁለት ዐሥርት ዓመታት ገደማ ሆኖት ነበር። በ2012 ደግሞ ማሪያ ፍሪድማን በመጀመሪያ የአዘጋጅነት ሥራዋ በደቡብ ለንደን በሚገኘው ሜኒየር ቾኮሌት ፋክተሪ አሳየችው። ይህ ቤት በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የቸኮሌት ፋብሪካ የነበረና ከ200 ያነሱ ሰዎችን የሚይዝ ነው።

ፍሪድማን ታሪኩን ፍራንክ ራሱ ወደ ኋላ ዞሮ የሚያስታውሰው አድርጋ አዘጋጀችው። በዚህም ጊዜው ለምን ወደ ኋላ እንደሚሄድ ማስረዳት አላስፈለገም፤ የሚጸጸት ሰው ሁሉ ሕይወቱን የሚያስበው ከዛሬ ተነሥቶ ነውና። ፍራንክም ተመልካች የሚፈርድበት ብቻ ሳይሆን በራሱ ላይ የሚፈርድ ሰው ሆነ።

ትንሹ አዳራሽ ይህን ዐይነቱን አቀራረብ በሦስት መንገድ ያግዛል። ተመልካቹ ከተዋናዩ ጥቂት ሜትሮች ርቆ ስለሚቀመጥ በፊቱ ላይ የሚያልፈውን ጸጸት ያያል፤ በትልቅ መድረክ በንግግር መገለጽ ያለበት ነገር እዚህ በዝምታ ይገለጻል። የሙዚቃ መሣሪያዎቹ ጥቂት ስለሚሆኑ ቃላቱ በግልጽ ይሰማሉ፤ እንደ ሶንድሃይም ግጥሙ ለተጠቀጠቀ ደራሲ ደግሞ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ወጪው አነስተኛ በመሆኑም አዘጋጁ ደፍሮ ይሞክራል፤ ሙከራው ባይሳካ የሚደርሰው ጉዳት እንደ ብሮድዌይ የከፋ አይሆንም።

ይሁንና ጥበት ብቻውን መድኃኒት አይሆንም። ሁለቱ የለንደን ዝግጅቶች የተነሡት ደራሲዎቹ ለዐሥር ዓመታት ያህል ሲያርሙት ከቆየ ጽሑፍ ነው። የ1981ዱ ቅጂ እንዳለ ወደ ትንሽ አዳራሽ ቢገባ ኖሮ ጉድለቱ ይበልጥ ጎልቶ በታየ ነበር። ትንሹ አዳራሽ ብዙ ገቢም አያስገኝም፤ ስለዚህ የተሳካ ሥራ ዘወትር ወደ ሰፊ ቤት የመዛወር ፈተና ይጠብቀዋል። የፍሪድማን ዝግጅት ይህን ፈተና ደረጃ በደረጃ አለፈ። በ2013 ከሜኒየር ወደ ለንደኑ ሃሮልድ ፒንተር ቴአትር ተሻገረ። በ2022 መጨረሻ 199 መቀመጫ ባለው ኒውዮርክ ቴአትር ወርክሾፕ ታየ፤ በ2023 ወደ ብሮድዌዩ ሃድሰን ቴአትር ዘልቆ እስከ ጁላይ 2024 ቆየ። በዚህ ዝግጅት ፍራንክን ጆናታን ግሮፍ፣ ቻርሊን ዳንኤል ራድክሊፍ፣ ሜሪን ሊንድሴ ሜንዴዝ ተውነዋል።

ያልተለወጠው

ፈርዝ በ2008፣ ፕሪንስ በ2019፣ ሶንድሃይም በኖቬምበር 2021 ስላረፉ፣ ተውኔቱ በብሮድዌይ ሲካስ ከሦስቱ አንዳቸውም አላዩም።

ከእድሳቱ የሚቀሰመው ትምህርት በተለወጡት ነገሮች ላይ ብቻ የተመሠረተ አይደለም። በ1981 ተመልካችን አሳስቷል ተብሎ አጥብቆ የተነቀፈው የታሪኩ የኋሊት ጉዞ በየትኛውም ቅጂ አልተነካም። የተለወጡት የተዋንያኑ ዕድሜ፣ አንዳንድ ዜማዎች፣ የታሪኩ መግቢያ፣ በተመልካቹና በተዋናዩ መካከል ያለው ርቀትም ናቸው። የተበላሸ ሥራን የሚያድስ ባለሙያ የመጀመሪያ ተግባሩ ጉድለቱንና ልዩነቱን መለየት ነው፤ ሁለቱ ከሩቅ ሲታዩ ይመሳሰላሉና። ሦስቱ ወጣቶች ዛሬም በዚያው ጣሪያ ላይ ስፑትኒክን ይጠባበቃሉ። በ1981 ብዙዎች ወደዚያ ትዕይንት ሳይደርሱ አዳራሹን ለቀው ነበር፤ ዛሬ ግን ታዳሚው እስኪደርስ ይጠብቀዋል።