ሥሩን ያበሰለው እንፋሎት

እስቲ ቀረብ በሉና አዳምጡኝ፤ የቸኮለም ካለ ለዛሬ ይታገሠኝ፤ ወሬዬ ስድስት ዓመት አፈር ውስጥ ስለሚቆይ ሥር ነውና ማጣደፍ አይሆንለትም። ዓመታቱንም በፈረንጆቹ አቆጣጠር እነግራችኋለሁ።

በኮሪያ ተራሮች ሲምማኒ የሚባሉ ሥር ፈላጊዎች አሉ። ወደ ጫካ ከመውጣታቸው በፊት ገላቸውን ይታጠባሉ፣ አፋቸውን ከክፉ ይጠብቃሉ፣ የተራራውን መንፈስ ይለማመናሉ፤ ከዚያም ጤዛው ሳይረግፍ ይነሡና፣ ጥላ የበዛበትን ተረተር ይዘው፣ ቁጥቋጦውን በዱላ እየገለጡ፣ ብዙም ሳይነጋገሩ ይወጣሉ። ቀያይ ፍሬ ያንጠለጠለች አንዲት አገዳ ያየ ሰው «ሲምብዋታ!» ብሎ ይጮኻል፤ ድምፁም ከገደል ገደል ያስተጋባል። ከጩኸቱ ወዲያ ግን ችኮላ የለም፤ ሰውየው ይንበረከክና፣ አፈሩን በጣቱ እየፈቀፈቀ፣ አንዲት ጭራ ሥር እንኳ እንዳትበጠስ ትንፋሹን ውጦ ያወጣታል። ይህችን የተራራዋን ሳንሳም፣ በማሳ የምትበቅለዋን ደግሞ ኢንሳም ይሏታል፤ ሌላው ዓለም ጂንሰንግ ብሎ ያውቃታል።

የማሳዋም ብትሆን እመቤት ናት። ፀሐይ ስለማትወድ ዳስ ይጣልላታል፣ እሷ የተነቀለችበት መሬትም ለዓመታት ዳግም አይቀበላትም። በዚህ እርሻ ከሁሉ ስሟ የገነነው የካይሶንግ ከተማ ነበረች። የእኛው የቃኘው ሻለቃ ልጆች በዘመቱበት የኮሪያ ጦርነት ካይሶንግ ወደ ሰሜን ስትቀር፣ ከዚያ የሸሹ ገበሬዎች እውቀታቸውን ይዘው ወደ ጋንግህዋ ደሴት ተሻገሩ፤ እዚያም ዳሱን እንደገና ጣሉ።

ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። በ1123 ከቻይና የሶንግ ንጉሥ የተላከ ሹ ጂንግ የሚባል መልእክተኛ ካይሶንግ ደርሶ ነበር፤ ሰውየው ዐይኑ የማያርፍ ነውና ያየውን ሁሉ ጻፈ። ጥሬው ሥር ነጭ ነው፣ በጋ ሲገባ ግን ነቀዝ ይበላዋል፤ የበሰለው ብዙ ይቆያል አለ። እንግዲህ ሰዎቹ ሥሩን ለእሳት የሰጡት ከነቀዝ ሊያድኑት ነበር። ይህን ያዙልኝ።

ከዚያ ዘመን ዘመንን ተካው፤ በ1854 ጋሪክስ የሚባል ኬሚስት ከአሜሪካዊቷ የጂንሰንግ ዘመድ አንድ ነገር አውጥቶ ፓናኪሎን አለው፤ ነገሩ ግን ገና ድብልቅ ነበር። በ1960ዎቹ ቶኪዮ ላይ ሾጂ ሺባታ የሚባሉ ፕሮፌሰር ከባልደረቦቻቸው ጋር በሥሩ ውስጥ ያለውን አንድ በአንድ ለመለየት ተነሡ። ሥሩ ተፈጭቶ በሜታኖል ይዘፈዘፋል፣ ከዚያ ሜታኖሉ ይተንናል፣ ከዚያ የቀረው ዝቃጭ በውኃና በቡታኖል መካከል ይናጣል፤ ስኳሩ በውኃው ይቀራል፣ የተፈለገው ወደ ቡታኖሉ ይሻገራል። ከዚያም ሲሊካ በተሞላ ረጅም የመስታወት ቱቦ አናት ላይ ይፈስና ጠብ፣ ጠብ እያለ፣ አንዱ እየፈጠነ ሌላው እየዘገየ ይለያያል።

የተለየው ሳፖኒን ነው። በእንዶድ ሸማ ያጠበ ሰው አረፋውን ያውቀዋል፤ ያንን የሚያስነሣው የዚሁ ወገን ነው፤ ተመራማሪው አክሊሉ ለማ በ1964 ዐድዋ ላይ ቀንድ አውጣ ሲገድል ያዩትም እሱ ነው። ወገኑ አንድ ይሁን እንጂ ጠባዩ ለየቅል ነው። ሺባታ የሥሩን ሳፖኒኖች በሲሊካ ሰሌዳ ላይ ከታች ወደ ላይ በቆሙበት ተራ አርኤ፣ አርቢ፣ አርሲ እያሉ ሰየሟቸው፤ በጥቅሉም ጂንሰኖሳይድ ተባሉ። ዛሬ የሚታወቁት ከ100 በላይ ናቸው።

አሁን ልብ በሉ። እያንዳንዱ ጂንሰኖሳይድ በአንድ አስኳል ላይ የተንጠለጠሉ ስኳሮች አሉት። ኬሚስቶቹ አስኳሉን ሊያዩ ስኳሩን በአሲድ ቆረጡት፤ ፓናክሳዲዮል የሚባል ንጥረ ነገርም አገኙ፤ ግን አሲዱ ስኳሩን ብቻ ቆርጦ አልተወም፣ የአስኳሉንም ጭራ አጥፎ ቀለበት አድርጎት ነበር። ሥሩ ውስጥ የሌለ ነገር በእጃቸው ፈጥረው ኖሯል! ይህን ደርሰውበት፣ ገር በሆነ መንገድ ደግመው ሲለዩት እውነተኛው ፕሮቶፓናክሳዲዮል ወጣ። እኔ ከግኝቱ ይልቅ ይህን መመለሳቸውን አከብራለሁ።

ሥሩን የሚያበስለው እንፋሎትም እንደ አሲዱ አዲስ ነገር ሠሪ ነው። ሥሩ ወደ 100 ዲግሪ በሚጠጋ እንፋሎት ለሰዓታት ሲቆይ ከአንዳንዶቹ ጂንሰኖሳይዶች ስኳር ይረግፋል፤ በጥሬው ከቶ የለም በሚያሰኝ መጠን ብቻ የሚገኘው አርጂ3 ያን ጊዜ ይበዛል። ነቀዝ ለመከላከል እሳት ያነደዱት ሰዎች ሳያውቁት ሌላ መድኃኒት ያበስሉ ነበር። ሥራው በዚያም አያበቃም፤ የበላተኛው የአንጀት ባክቴሪያዎች ደግሞ የቀረውን ስኳር እየገነጠሉ ኮምፓውንድ ኬ የሚባለውን ያወጣሉ፤ ባክቴሪያው ከሰው ሰው ይለያያልና አንዱ ከዚያው ሥር ብዙ ያገኛል፣ ሌላው ጥቂት።

ስለዚህ «ጂንሰንግ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ጠርሙስ ስታዩ ጥሬው ነው ወይስ የበሰለው፣ ምን ያህል ጂንሰኖሳይድ አለው ብላችሁ ጠይቁ። ዋርፋሪን የሚባለውን የደም መርጋት መከላከያ የምትወስዱ ደግሞ ሐኪማችሁን ሳታማክሩ አትንኩት፤ የመድኃኒቱን ኃይል ሊቀንስባችሁ ይችላል።