ነጭ ዓሣ፦ የስያሜው ትርጉምና አጠቃቀም በጣና ሐይቅ

ነጭ ዓሣ በባሕር ዳር ከተማና በጣና ሐይቅ ዙሪያ የሚገኙ ዓሣ አስጋሪዎች፣ ነጋዴዎችና ተመጋቢዎች ለአንድ ወገን ዓሦች በጥቅል የሚሰጡት የወል ስም ነው። በሳይንሳዊ አመዳደብ ላቤኦባርበስ ከተባለው ወገን የሆኑት እነዚህ ዓሦች በሐይቁ ውስጥ ከ15 ያላነሱ ዝርያዎች አሏቸው። አብዛኞቹ ከጣና ሐይቅና ከገባር ወንዞቹ ውጭ በዓለም ላይ በሌላ ስፍራ አይገኙም። ስያሜው በገበያ የአንድ ዓሣ ስም ቢመስልም፣ በውኃው ውስጥ የብዙ ዝርያዎች የጋራ መጠሪያ ነው።

የስያሜው ትርጉም

በጣና ዳርቻ ለገበያ የሚቀርቡት ዓሦች በዋናነት በአራት ስሞች ይታወቃሉ፤ እነርሱም ቆሮሶ፣ አምባዛ፣ ቤሶና ነጭ ዓሣ ናቸው። ነጭ ዓሣ ብርማ መልክ ያለው ጎላ ያለ ቅርፊት አለው። ቅርፊት ከሌለውና ጠቆር ካለው አምባዛ ጎን ሲቀመጥ “ነጭ” የሚለው ቅጽል የሚያመለክተው ልዩነት በግልጽ ይታያል። ልዩነቱ የመልክ ብቻ አይደለም። ብዙ ምእመናን ቅርፊት የሌለውን ዓሣ ስለማይመገቡ፣ ስሙ ገዢው የሚፈልገውን ዓሣ ለይቶ እንዲጠይቅ ያስችለዋል።

የአካባቢ ስሞች ወደ ሳይንሳዊ መጠሪያም ገብተዋል። በ1830ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወደ ጎንደርና ጣና የመጣው ጀርመናዊው ተመራማሪ ኤድዋርድ ሩፔል የሐይቁን ዓሦች ለሳይንስ ሲያስተዋውቅ፣ ቤሶን በአካባቢው ስሙ መዝግቦታል። ከነጭ ዓሣ ዝርያዎች መካከልም ጻናንሲስ የተባለው ከሐይቁ የቀድሞ አጻጻፍ “ጻና”፣ ጎርጎረንሲስ የተባለው ደግሞ ከሰሜናዊው የሐይቁ ዳርቻ ከጎርጎራ ስማቸውን አግኝተዋል።

በስሙ የሚጠቃለሉ ዓሦች

ከ15ቱ ዝርያዎች 8ቱ ሌሎች ዓሦችን አድነው የሚመገቡ ናቸው። የተቀሩት በየዓይነታቸው ቀንድ አውጣ፣ ነፍሳት፣ ዕፀዋትና በውኃ ላይ የሚንሳፈፉ ደቂቅ እንስሳትን ይመገባሉ። የአፋቸው አቀማመጥ፣ የከንፈራቸው ውፍረት፣ የዓይናቸው ስፋትና የሰውነታቸው ቁመት እንደ አመጋገባቸው ይለያያል። ልምድ ያለው ዓሣ አስጋሪ እነዚህን ልዩነቶች በዓይኑ ይለያል፤ ዓሣው ተበልቶ ለጉላሽ ወይም ለዱለት ከተዘጋጀ በኋላ ግን የሚቀረው የወል ስሙ ብቻ ነው።

ዝርያዎቹ በዚህ መጠን ሊበዙ የቻሉት ሐይቁ ከታችኛው የዓባይ ተፋሰስ የተለየ በመሆኑ ነው። ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የሚገኘውና 40 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ፣ ዓሦች ከታች ወደ ሐይቁ እንዳይወጡ ያግዳል።

ስሙ በሌሎች አካባቢዎችና በውጭ ቋንቋዎች

በዝዋይና በሌሎች የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች የዚሁ ወገን ዓሣ ቢልጫ ይባላል። በቀድሞ ጥናቶችና ሰነዶች ደግሞ ወገኑ “ባርበስ” በሚል ስም ተጠቅሷል፤ ሁለቱ መጠሪያዎች የሚያመለክቱት ተመሳሳይ ዓሦችን ነው። በሌሎች አገሮች የንግድ ቋንቋ “ነጭ ዓሣ” የሚባሉት እንደ ኮድና ሃዶክ ያሉ የባሕር ዓሦች በመሆናቸው፣ የምግብ ቤት ዝርዝርም ሆነ የንግድ ሰነድ ሲተረጎም ስሙን ቃል በቃል መመለስ ያሳስታል። በትርጉም ውስጥ “ላቤኦባርበስ” የሚለውን መጠሪያና የጣና ሐይቅን ስም አብሮ መጥቀስ ስሕተቱን ያስቀራል።

የጥቅል ስሙ የሚሸፍነው ጉዳት

ነጭ ዓሣ በምርት መዝገብ ላይ በአንድ ዓምድ ሲሰፍር፣ አንዱ ዝርያ ቢመናመን የሌላው ብዛት ሊሸፍነው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1986 የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ በሐይቁ ላይ ከገቡ በኋላ፣ ከደንገል ታንኳ የማይደረስባቸው ስፍራዎች ለማስገር ክፍት ሆኑ። እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 1993 የተወሰዱ የጥናት ናሙናዎች ከ1999 እስከ 2001 ከተወሰዱት ጋር ሲነጻጸሩ፣ የነጭ ዓሣ መጠን በክብደት ሦስት አራተኛ ያህል ቀንሶ ተገኝቷል።

ጉዳቱ ከሁሉ በላይ የሚጸናው ለመራባት ወደ ወንዝ በሚወጡት ዝርያዎች ላይ ነው። እነዚህ ዓሦች በክረምት በወንዞች መግቢያ ይሰበሰባሉ፤ ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜም ጉማራ፣ ርብና መገጭን የመሳሰሉ ወንዞችን ተከትለው ይወጣሉ። እንቁላላቸውን የሚጥሉትም በገባሮቹ ውስጥ ንጹሕ ውኃ በሚፈስበት ጠጠራማ ስፍራ ነው። በዚህ ወቅት በወንዝ መግቢያ የሚዘረጋ መረብ እንቁላል ያልጣለችውን ዓሣ ይይዛል። የተፈጨ የብርብራ ፍሬ በውኃ ላይ መበተን ትልቁንም ትንሹንም ሳይለይ ያጠፋል። ጠጠርና አሸዋ ማውጣት እንዲሁም ወንዝን መገደብ የመራቢያ ስፍራውን ያሳጣል። በጣና የጠፋ ዝርያ ከሌላ ስፍራ መጥቶ የሚተካ አይደለም።

ለተገልጋዮች

የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 የአገሪቱ የዓሣ ሀብት በዘላቂነት ጥቅም ላይ የሚውልበትን ሥርዓት የደነገገ ሲሆን፣ ለንግድ ዓሣ የሚያሰግር ሰው የማስገር ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። በጣና ዙሪያ የሚገኝ አመልካች ስለ ፈቃዱ፣ ስለ መረብ ዓይነትና በክረምት ስለሚከለከሉ ስፍራዎች በሚኖርበት ወረዳ ከሚገኘው የግብርና ጽሕፈት ቤት መረጃ መጠየቅ ይችላል።

ምርት ሲመዘገብ “ነጭ ዓሣ” የሚለውን ስም መጠቀም ትክክል ነው። ሆኖም ዓሣው የተያዘበት ስፍራ፣ ቀንና የመረቡ ዓይነት፣ ከተቻለም የዝርያው መለያ መልክ አብሮ ቢገለጽ መዝገቡ የተሟላ ይሆናል። ከተለመደው የተለየ ዓሣ ያገኘ ወይም ቀድሞ የሚያውቀው ዓሣ መጥፋቱን ያስተዋለ ዓሣ አስጋሪ ለወረዳው ባለሙያ ቢያሳውቅ፣ በጥቅል ስሙ የተሸፈነው ለውጥ ጊዜው ሳያልፍ እንዲታወቅ ይረዳል።