ከፎልስዋገን የተወለደችው ፖርሽ

ሽቱትጋርት ከተማ ስኖር አንድ አረጋዊ ጀርመናዊ ጎረቤት ነበሩኝ። እንደ ዓይናቸው ብሌን የሚጠብቋት፣ በ1955 እ.ኤ.አ. የተሠራች ፖርሽ 356 ነበረቻቸው። አንድ ቀን ግን «ልሸጣት ነው» አሉኝ። ሁለተኛ ማርሽ ሲፈልጉ አራተኛው ይገባል፤ መቀየሪያው እንደ ወላለቀ ጥርስ ይነቃነቃል። አንድ ጋራዥ «ካምቢዮው ካልተለወጠ አይሆንም» ብሏቸዋል፤ ዋጋውን ጡረታቸው አይችለውም።

እኔ ግን ያንን መነቃነቅ አውቀዋለሁ። አዲስ አበባ የነበረችው የአባቴ ፎልስዋገን ልክ እንዲሁ ታማ፣ በአንዲት ትንሽ ዕቃ ድናለች።

የእሽቅድምድም ዘር ያላትን መኪና ከሕዝብ መኪና ጋር ምን አገናኛት? ይል ይሆናል አንባቢ። የሚያገናኛቸው የሥጋ ዝምድና ነው። ፎልስዋገንን በ1930ዎቹ የነደፈው ፈርዲናንድ ፖርሽ ነው። ልጁ ፌሪ በ1948 እ.ኤ.አ. ኦስትሪያ፣ ግሙንድ ውስጥ በስሙ የምትጠራውን የመጀመሪያዋን መኪና ሲሠራ፣ ጦርነት ባደቀቀው አገር በእጁ የነበረው የፎልስዋገን ዕቃ ነበር። ሞተሩም ካምቢዮውም ከዚያው መጣ። ኋላ ፖርሽ የራሱን ካምቢዮ ቢሠራም፣ አቀማመጡ አልተለወጠም፤ ካምቢዮው ከኋላ፣ ሹፌሩ ከፊት።

ሁለቱን የሚያገናኘው በወለሉ መካከል የሚያልፍ ረጅም ዘንግ ነው። ዘንጉ ከፊት በትንሽ ማቀፊያ ተደግፎ፣ ከኋላ ጎማ ባለው ማያያዣ ከካምቢዮው ይታሰራል። እነዚህ ሲበሉ እጅ ያዘዘው ሳይደርስ ይቀራል፤ ካምቢዮው ደኅና ሆኖ ሳለ ማርሹ ይጠፋል። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከቤተ መንግሥት የተወሰዱባት ፎልስዋገንም ማርሽ የምትቀይረው በዚሁ ዓይነት ዘንግ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት መቀየሪያውን ፈታን። ከኋላ ያለውን ክዳን አንስተን ማያያዣውን አላቀቅን። ጎማው ፈራርሷል፤ ክብ የነበረችው ማቀፊያም ተበልታ ሞላላ ሆናለች። አዲሶቹን ግራሶ ቀብተን ገጠምን፤ ከዚያም ቆመን ማርሾቹን አንድ በአንድ ሞከርን።

ሽማግሌው ሠፈሩን ዞረው ሲመለሱ ፊታቸው በርቶ ነበር።

«አባትህ መካኒክ ነበሩ?» አሉኝ።

«አልነበሩም፤ አዲስ ካምቢዮ መግዣ ያልነበራቸው ሰው ነበሩ» አልኳቸው።