«በረዶ» የሚለው ቃልና የሐሩር አገር ተራሮች

ጀርመናዊው ሚሲዮናዊ ዮሐንስ ሬብማን በ1848 (እ.ኤ.አ.) የኪሊማንጃሮን ነጭ ጫፍ ባየ ጊዜ፣ መሪው ነገሩን «በረዲ» ብሎ ጠራው፤ ብርድ ማለት ብቻ ነው። ቃሉ ከዓረብኛ ወደ ስዋሂሊ የገባ ሲሆን፣ ሥሩ የግእዙ በረድና የአማርኛው በረዶ የሚጋሩት ብ-ር-ድ ነው። በለንደን የነበረው የጂኦግራፊ ሊቅ ኩሊ ግን ወሬውን ለዓመታት አልቀበልም አለ። ፎን ደር ዴከን በ1862 ተራራውን ሲወጣ አመዳይ ወረደበት።

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው የአዱሊስ ጽሕፈት ነው። ኮስማስ በ6ኛው መቶ ዓመት ከእብነ በረድ ዙፋን ላይ (ይህም ስም በረድን መያዙን ልብ ይሏል) የገለበጠው የግሪክኛ ቃል፣ ስሙ ያልታወቀ የአክሱም ንጉሥ ከዓባይ ማዶ፣ ምናልባትም ከተከዜ ማዶ፣ የሚኖሩትን የሰሜን ሰዎች ማስገበሩን ሲተርክ፣ የተራሮቹ አመዳይ ሰውን እስከ ጉልበቱ እንደሚያሰጥም ይገልጻል። ግሪክኛው ይህን ኺዮን ይለዋል፤ ጠጣሩን ግን ኻላዛ። ተርጓሚው ሁለቱንም «በረዶ» ካላቸው፣ አንባቢ የሚያስበው በክረምት ቆርቆሮ የሚደበድበውን ነው፤ ምስክርነቱም ይጠፋል። ነገሥታት በድል ጽሕፈት ማጋነን ልማዳቸው ቢሆንም፣ ከ4,500 ሜትር በላይ የሚደርሰው ራስ ዳሸን ዛሬ ዓመቱን ሙሉ የሚቆይ አመዳይ ስለሌለው፣ የዚህ አንድ ቃል ንባብ ለአየር ጠባይ ታሪክም ዋጋ አለው።

ስለዚህ ከግእዙ ሐመዳ ጋር የሚዛመደው አመዳይ እንደ ባዘቶ ለሚወርደው፣ በረዶ ለጠጣሩ፣ ግግር በረዶ በተራራ ላይ ተከማችቶ ለሚኖረው ቢወሰን እመርጣለሁ። አመዳይ ውርጭ ማለት ነው የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል፤ ውርጭ ግን ራሱን የቻለ ስም አለው።