የተከዜ ውሃና የላስታ መብራት



ስለ መብራት ስንነጋገር ብዙ ጊዜ የምናነሳው ልማትን ብቻ ነው። እኔ ዘንድሮ መብራትና ሰላም ምን ያህል እንደተሳሰሩ ከራሳችን አካባቢ ታሪክ ላስታውሳችሁ እወዳለሁ።

ተከዜ የሚነሳው ከላስታ ተራሮች ነው። ወርዶ ትግራይ ሲደርስ 188 ሜትር ከፍታ ባለው ግድብ ይገታል። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው ይህ ግድብ 300 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። በ2006 ዓ.ም. ደግሞ መቀሌ አጠገብ 120 ሜጋ ዋት አቅም ያለው የአሸጎዳ የነፋስ ኃይል ማመንጫ ተመረቀ። የላስታ ዝናብ ለትግራይ፣ የትግራይ ነፋስ ለሌላው መብራት ሆነ። አንድ ቋት ማለት ይኸው ነው።

ጥቅምት 2013 ዓ.ም. የተጀመረው ጦርነት በዚያው ዓመት ሐምሌ መጨረሻ ላሊበላ ደረሰ። የከተማዋ መብራት በአላማጣ በኩል የሚመጣ ስለነበር መስመሩ ተቋረጠ፤ ጨለማው ከዓመት በላይ ቆየ። የኤሌክትሪክ ወፍጮ ቆመ፤ የሞተር ወፍጮ ያገኘም በነዳጅ ዋጋ አስፈጨ። እኛ በስደት ያለነው የወላጆቻችንን ድምፅ ናፈቅን። በዚያው ጊዜ የመቀሌ እናቶችም ጨለማ ውስጥ ነበሩ። የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ተፈረመ፤ መቀሌ ከብሔራዊው ቋት ጋር የተገናኘችው ከዚያ በኋላ በኅዳር ነው። ሠራተኛው ምሰሶ ላይ የሚወጣው ተኩስ ሲቆም ነውና።

ከዚህ ሁለት ነገር እማራለሁ። አንደኛ፣ ወንዙም መስመሩም የጋራ ነው፤ የጎረቤትን መብራት ያጠፋ የራሱንም ያጠፋል። ሁለተኛ፣ የክትባት ማቀዝቀዣንና የማዋለጃ ክፍልን በአንድ ሽቦ ላይ ብቻ ማንጠልጠል አይገባም። ዛሬም ሰላሙ አልጸናም።

ስለዚህ ለጤና ጣቢያው የፀሐይ ኃይል እንድናስገባ ሐሳብ አቀርባለሁ። ሆኖም የአንዱን ቀበሌ አብርተን ሌላውን በጨለማ ብንተው ቂም እንዘራለን። የሁሉም ቀበሌ ሰው የሚታከምበት ቦታ ይመረጥ፤ ጠባቂ ኮሚቴውም ከሁሉም ይውጣጣ። ባትሪ ያረጃልና መተኪያው ገንዘብ ከመጀመሪያው ቀን ይቀመጥ።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ፣ መዋጮአችን ትንሽ ቢመስልም ስንተባበር ይበቃል።